እምቢ ለማለት ልደታ ድረስ

እኔ ቶላ ጎሚስታው፣ አንድ ቀን ሙሉ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ዋልኩ። ይሄን ወሊሶ ላይ ባወራ ማንም እንደማያምነኝ አውቃለሁ። እኔ ጎማ ስጠግን የማወራው ወሬ ብቻውን ጎማውን ይነፋዋል ይሉኛል። ሚስቴ ብርቄ ራሷ ስነግራት "ታመህ ነበር እንዴ?" ነው ያለችኝ። አልታመምኩም። አዲስ አበባ ሄጄ ነው፣ ልደታ። እናንተ ልደታ የምትሄዱበት ጉዳይ ስለሌላችሁ እኔ ሄጄ ያየሁትን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የሄድኩት ልጄን ጫልቱን ይዤ ነው። ጫልቱ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት። ስሙን እኛ ያወቅነው አስራ ስድስት ሲሞላት ነው፤ ከዚያ በፊት ሰፈሩ የመሰለውን ስም ሲያወጣላት፣ እኔ ደግሞ ፀበል ለፀበል ይዣት ስዞር ነበር። ብዙ አታወራም። በቀን አምስት ስድስት ቃል ብትል ነው፤ የቀረውን እኔ እናገርላታለሁ። ቀን ቀን ጎማ ቤት አብራኝ ትውላለች። የተነፋውን የጎማ ላስቲክ ጉንጯ ላይ አስጠግታ ቀዳዳውን ታገኘዋለች። እኔ ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋ ስጠብቅ እሷ ጨርሳለች። ወሊሶ ውስጥ እንደሷ ያለ ጎሚስታ የለም፤ እኔን ሳይቆጥር ማለቴ ነው።

ግን እኔ እያረጀሁ ነው። የብርቄም ጉልበት ደረጃ አላስወጣ ብሏታል። እኛ ያለፍን እንደሆነ ጫልቱ ማን ጋ ትውላለች? ይቺ ጥያቄ ስንት ዓመት ትራሴ ሥር ተኝታለች። አንድ ቀን ጎማው የተነፈሰበት የአዲስ አበባ ሰው ጫልቱን አየና "ልደታ እንዲህ ላሉ ልጆች የሚሆን ማዕከል አለ" ብሎ ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ "ዕድሜዋ ስንት ነው?" ስትለኝ ደነገጥኩ። ሃያ አራት ካልኩ ለህፃናት ነው ብላ የምትዘጋብኝ መሰለኝ።

"አስራ አራት" አልኩ። አስር ዓመት በአንድ ትንፋሽ ቀነስኩላት። ረቡዕ ኑ ተባልን።

ማክሰኞ

በጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ቱሉ ቦሎን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የኋላው ጎማ ፈነዳ። እኔ ያለሁበት መኪና ጎማ ሲፈነዳ፣ ሰርግ ቤት ደግሞ ወጥ ሲያልቅ፣ ሰው ሁሉ ወደ ባለሙያው ዞሮ ያያል። ወረድኩና ሾፌሩን ማዘዝ ጀመርኩ። ጫልቱን "እዚህ ቁጭ በይ" አልኳት፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ተጠባባቂውን ጎማ ስናወጣው እሱም ለስልሷል። ሾፌሩ የሚያውቀው ሰው ከቱሉ ቦሎ ሌላ እስኪያመጣ ድረስ ለተሳፋሪው ከጎማ ጋር ያሳለፍኩትን ሕይወት ሳጫውት ሰዓቱ ሄደ።

በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ እጄን ነካ አደረገችኝ። "ጋሼ፣ ያቺ ልጅ ያንተ ናት?" ዞር ስል ጫልቱ ያስቀመጥኳት ድንጋይ ላይ ናት። ጥላው ከሄደ ቆይቷል፤ ፀሐዩ ግንባሯ ላይ ነው። ሁለት እርምጃ ብትሄድ ግራር አለ። አልሄደችም፤ ቁጭ በይ ብያታለኋ። ሴትዮዋ ሄዳ ጃንጥላዋን ዘረጋችባት።

"እንዲህ ናት" አልኳት በኩራት። "ካስቀመጥኳት ቦታ ንቅንቅ አትልም።"

ሴትዮዋ አየችኝና ጃንጥላዋን ወደ ጫልቱ ይበልጥ አዘነበለችው። እኔ ያኔ ያደነቀችኝ ነው የመሰለኝ።

አየር ጤና ስንደርስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። በታክሲ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ በባቡር ልደታ። የእኛ አገር ባጃጅ ውስጥ አራት ሰው ከገባ ሞላ ይባላል፤ እዚህ ባቡር ውስጥ ግን አየሩም ቆሞ ነው የሚሄደው። ጫልቱ ጉንጯን መስኮቱ ላይ ለጠፈች፤ መንቀጥቀጡ ተስማምቷታል። አንድ ጎረምሳ ዓይኑን ተክሎባት "ምን ሆና ነው?" አለኝ።

"ሞተሩን እያዳመጠችልን ነው" አልኩት። "ችግር ካለ ትነግረናለች።"

በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ።

የምናርፈው ልደታ ኮንዶሚኒየም ከማል ቤት ነው። ከማል የወሎ ልጅ ነው፤ ወሊሶ ልብስ ሰፊ ሆኖ አስር ዓመት ጎረቤቴ ነበር፤ አሁን ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር የልብስ ስፌት ቤት አለው። "መጥቼ ልውሰዳችሁ" ሲለኝ "እኔ መንገድ አይጠፋኝም፤ ብሎኩንና ፎቁን ብቻ ንገረኝ" ብዬዋለሁ። ይሄን ያልኩት የኮንዶሚኒየምን ጠባይ ሳላውቅ ነው። ወሊሶ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መልክ አለው፤ አንዱ አጥሩ ያዘመመ፣ አንዱ በሩ ሰማያዊ። ይሄ ግን አንዱን ሠርተው በመስታወት ያባዙት ነው የሚመስለው።

ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፣ አንኳኳሁ። አንዲት እናት ከፈቱ። ሰላም ከማለቴ በፊት ጫልቱ በጎናቸው ሾልካ ገብታ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ አለች። እኔም የከማል ሚስት የዘይነባ እናት ናቸው ብዬ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሴትየዋ ሁለት ሳህን ጨመሩ። በላን። ጎመኑን አመሰገንኩ፣ ስለ ጎማው አወራሁ፣ ስለ ባቡሩ አወራሁ። ውሃ ሲቀዱልኝ ነው ቀና ብለው፣

"ልጄ፣ አሁን ጠግባችኋል፤ ማን ናችሁ?" ያሉኝ።

ለካ የከማል ብሎክ የሚቀጥለው ነው። ያበሉን እናት እማማ አስካለ ይባላሉ። "አስቀድመው ለምን አልጠየቁኝም?" ስላቸው "የራበው ሰው ስሙን አጣርቶ አይናገርም" አሉኝ፤ እጃችንን ይዘው በትክክለኛው በር አስረከቡን። ዘይነባ ምሳ ሠርታ ትጠብቀን ነበር። ሁለተኛውንም በላሁ። ጫልቱም በላች፤ ብይ ስላልኳት።

ረቡዕ

ማዕከሉ ከልደታ ማርያም ብዙ የማይርቅ ተራ ግቢ ነው። ከውጭ ሲያዩት ባለቤቱ ውጭ አገር የሄደ ቤት ይመስላል። የሚመሩት ወይዘሮ ሮማን እኩያዬ ናቸው። መዝገቡን ገለጡና ጫልቱን አዩዋት፤ መልሰው መዝገቡን አዩ።

"አስራ አራት?"

"ቁመቷ በእኔ ወጥታ ነው" አልኩ።

አልሳቁም። ብዕራቸውን ይዘው ዝም ብለው ጠበቁኝ። እንዲህ የሚጠብቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሰው ዝም ሲል ዋሽቼ እሞላዋለሁ፤ እዚህ ግን ዋሽቼ ጨርሻለሁ።

"ሃያ አራት ናት" አልኩ።

"አይ ጋሽ ቶላ" አሉ። "የህፃናቱ ወረፋ ረጅም ነው፤ መቼ እንደሚደርሳት እንኳ አላውቅም ነበር። የአዋቂዎቹ ሥራ ክፍል ግን አንድ ቦታ አለው። እውነቱን ቢነግሩን መጀመሪያ የምንጠራው እርስዎን ነበር።"

ተንኮሌ እንዲህ ዞሮ ሲመታኝ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ሲያሳፍረኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ግቢውን አስጎበኙን። አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ነገር ሁሉ ወደ ላይ ነው፤ አንገቴ እስኪያመኝ ሕንፃ አይቻለሁ። እንደነዚህ አራት ክፍሎች ግን ያስደነቀኝ የለም። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የሦስት የአራት ዓመት ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ምንጣፍ ላይ ናቸው። አንዷ ትንሽዬ እጆቿን ዓይኗ ፊት እያወዛወዘች ትስቃለች። ቁርጥ ጫልቱ። እናትየዋ አልከለከለቻትም፤ አብራት እያወዛወዘች ነው። እኔ ጫልቱ እንደዚያ ስታደርግ እጇን ነበር የምይዘው። ሁለተኛው ክፍል ትምህርት ነው፤ የቀኑ ሥራ በሥዕል ግድግዳ ላይ ተደርድሮ፣ አንዱን የጨረሰ ሥዕሉን አንስቶ ሣጥን ውስጥ ይከታል። ሦስተኛው ውስጥ ጎረምሶች ሸሚዝ ያጥባሉ፤ ወለሉ ላይ በተቀባ ዜብራ መንገድ መሻገር ይለማመዳሉ። አራተኛው ትልልቆቹ የሚሠሩበት ነው።

አንድ ግቢ ውስጥ ሃያ ዓመት ተራመድኩ። በየበሩ ጫልቱን አያታለሁ፤ አራት ዓመቷን፣ አስሯን፣ አስራ አምስቷን። ያለፉን ክፍሎች ናቸው።

አራተኛውን ሰም ቤት ይሉታል። ጧፍ ይሠሩበታል። ክሩ ይወጠራል፣ ሰም ይጠጣል፣ በመዳፍ እየተንከባለለ ይለሰልሳል፣ ይቆረጣል፣ አስር አስር ሆኖ ይታሰራል። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሚነግዱት መጥተው ይወስዱታል። የሚሠሩት ሰባት ናቸው፤ ትልቁ ዮናስ አርባ ይጠጋል። የጆሮ መሸፈኛ አድርጎ ሰሙን የሚያቀልጠው እሱ ነው። "ልጄ ነው" አሉኝ ወይዘሮ ሮማን። "ይሄ ግቢ ሲከፈት የመጀመሪያው ሕፃን እሱ ነበር። እሱ ሲያድግ ክፍል እየጨመርን ነው የመጣነው።"

እኔ ይሄን ስሰማ ጫልቱን ለማሻሻጥ ተነሳሁ። አፌን ታውቁታላችሁ። "የእኔ ልጅ እንደሆነች አታስቸግርም" አልኩ። "እምቢ የሚባል ነገር አታውቅም። ብይ ስላት ትበላለች፣ ቁሚ ስላት ትቆማለች። ያስቀመጧት ቦታ ያገኟታል።"

ወይዘሮ ሮማን የጫልቱን ግንባር አዩት። ፀሐይ የላጠው ቆዳ መነሳት ጀምሯል።

"ይሄ ያስፈራኛል እንጂ ደስ አይለኝም" አሉ። "እርስዎ ቁሚ ሲሏት ከቆመች፣ የማያውቁት ሰው ነይ ሲላትስ? ሰሙ ሲያቃጥላት ሥሪ ብትባልስ? እምቢ ማለት የማይችል ሰው ሰም ቤት አላስገባም። በቃል ይሁን፣ በካርድ ይሁን፣ በእጅ ይሁን፣ የራሷ እምቢ ያስፈልጋታል። እስከ ዓርብ እንያት። ካልሆነ ሌላ ጊዜ ትመጣላችሁ፤ ቦታውን ግን ላቆየው አልችልም።"

ሃያ አራት ዓመት የኮራሁበትን ነገር ነው በሽታ ያደረጉብኝ። ከማል ቤት ስመለስ እራት አልወረደልኝም። ዘይነባ ጉዳዩን ስትሰማ፣ "ከተቀበሏት እዚህ ትሁን። ሰኞ አምጣት፣ ዓርብ ውሰዳት" አለች።

"ሸክም ትሆንባችኋለች" አልኩ።

ከማል ሳቀ። "አንተን አስር ዓመት በጉርብትና የቻልን፣ ዝም የምትል ሰው ትከብደናለች?"

ሐሙስ

ያ የማታምኑት ቀን ይሄ ነው። ሰም ቤት አብሬያት እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። አሠልጣኟ ሐና፣ ቀጭን ልጅ ናት፣ በሩ ላይ ቆማ "ጋሽ ቶላ፣ ይግቡ፤ አፍዎን ግን እዚህ ይተዉልኝ" አለችኝ። አንድ ቃል ከተናገርኩ እወጣለሁ።

የእነሱ አሠራር እንዲህ ነው። አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ከዚያ በልባቸው እስከ አስር ይቆጥራሉ። አይደግሙም፣ አይጎትቱም፣ አይመልሱላትም። ሐና "ጫልቱ፣ ክር" አለቻትና ዝም። እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ አብሬ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ አፌ ሊከፈት ደረሰ፤ በእጄ ያዝኩት። አራት፣ አምስት። ላብ አጠመቀኝ። ስምንት ላይ የጫልቱ እጅ ተነሳና ክሩን አቀበለቻት።

ስምንት። ልጄ መልስ አላት፤ መልሷ ስምንት ላይ ነው የሚመጣው። እኔ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሦስት ላይ ስመልስላት ኖሬያለሁ።

ምሳ ሰዓት ሐና ሁለት ጭልፋ አነሳች። "ሽሮ? ምስር?" አለቻት። እኔ ቤት ቢሆን ጥያቄም የለውም፤ ጫልቱ ሽሮ ነው የምትወደው። ቆጠርኩ። ዘጠኝ ላይ፣ በዚያች ወፍራም ድምጿ፣

"ምስር።"

ሽሮ የምወደው እኔ ነኝ። እኔ ስለምወድ ይሄን ሁሉ ዓመት ሽሮ አብልቻታለሁ። ይሄን ለማን ልናገር? መናገር ተከልክያለሁ። የኮቴን ኮሌታ ነከስኩ። ስንት ቤተ መንግሥት፣ ስንት ፎቅ አዲስ አበባ አለ ይሉኛል፤ እኔ ምስር ሰምቻለሁ።

እምቢው ግን አልመጣም። አንገቷ ላይ በክር ካርዶች አሰሩላት፤ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ እርዱኝ፣ ደግሞ ቀይ መዳፍ የተሳለበት እምቢ። ከሰዓት በኋላ ዮናስ የተቆረጠ ጧፍ የሞላ ቅርጫት አስይዟት ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ። አስቀምጪ ያላት የለም። ይዛ ቆመች። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀዩን ካርድ አልነካችውም። ሐና እንዳየች ሮጣ ተቀበለቻት፤ መዳፉን አሳየቻት፣ በራሷ ደረት ላይ ጫነችው። ጫልቱ ካርዱን እንደማታውቀው ሰው ፎቶ አየችውና ተወችው። ወይዘሮ ሮማን በሩ ላይ ነበሩ። አዩ፣ ሄዱ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ "አሁን መናገር ይችላሉ" አሉኝ። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ቃል "ምስር" ነው።

ዓርብ

ቅዳሜ የወሩ አንድ ነው፣ ልደታ፤ ስለዚህ ዓርብ ሰም ቤት ሥራው ይበዛል። እኔ ደግሞ ከሰዓት በፊት መኪና መያዝ አለብኝ፤ ብርቄ ብቻዋን ናት። ጠዋቱን ደጅ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ሐና ብቅ ባለች ቁጥር ፊቷን አያለሁ፤ ፊቷ ገና ይላል። አምስት ተኩል ላይ ወይዘሮ ሮማን መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"ጎበዝ ናት" አሉኝ። "ከሁሉም ፈጥና ታስራለች። ግን ጋሽ ቶላ..." አልጨረሱትም።

"ገባኝ" አልኩ። ተነሳሁ። መኪናው ያመልጠናል። ልቤ ተሰብሮ፣ ግን ፈገግ ብዬ፤ ሌላ ፊት የለኝም። ገብቼ ትከሻዋ ላይ እጄን አሳረፍኩ።

"ጫልቱ፣ ተነሺ፣ እንሂድ።"

ፊት ለፊቷ ስድስት ጧፍ ተደርድሯል፤ አራት ይቀራታል። እጇ ቆመ። እኔም እንደለመድኩት፣ አንድ ቀን ብቻ እንደለመድኩት፣ ጠበቅኩ። ስንት ድረስ እንደቆጠርኩ አላውቅም፤ ጠፍቶብኛል። ጫልቱ እጄን በሁለት ጣቷ ከትከሻዋ አነሳችው። ቀስ ብላ፣ እንደ ትኩስ ነገር፣ ወስዳ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሰባተኛውን ጧፍ አነሳች።

ሐና እጇን አፏ ላይ ጭናለች። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ የጠገንኩትን ጎማ ሳልሞክር ሰው ጋ አልልክም። ሁለተኛውን እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩ። "ጫልቱ፣ መኪናው እኮ ሄደ" አልኳት። አሁን ብዙም አላስጠበቀችኝ። ሁለተኛውንም አንስታ በሌላው ኪስ ከተተችልኝ፤ ኪሱን ከላይ መታ መታ አደረገችው፣ እንዳይወጣ።

ወይዘሮ ሮማን ከኋላዬ "ያ ነው" አሉ። "ይሄ የራሷ ነው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ትምጣ።"

እኔ ሁለት እጄ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም። አውጥቼ ልጥረግ ብል ደግሞ ፈራኋት፤ እውነቴን ነው፣ ልጄን ፈራኋት፤ እንዲህ ደስ የሚል ፍርሃት አላውቅም። አስሩን ጨርሳ፣ አስራ፣ ከሌሎቹ ላይ ደርድራ፣ ራሷ ተነሳችና በሩ ጋ ሄዳ ጠበቀችኝ።

መኪናው አመለጠን። ከማል ቤት አደርንና ቅዳሜ ተመለስን። ሰኞ ደግሞ ወሰድኳት። አሁን በየሳምንቱ ዓርብ አመጣታለሁ፤ ቤት ስትገባ ብርቄ ምስር ሠርታ ትጠብቃታለች፤ እኔም ሳልወድ ምስር በላተኛ ሆኛለሁ።

ቶላ ቀባጠረ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጎማ ቤት ቁጭ ብላችሁ "ጫልቱ ደግሞ ለአባቷ እምቢ ልትል" ስትሉ ሰምቻለሁ። ወሊሶ መናኸሪያው ያው ነው፤ ሂዱ። ወይዘሮ ሮማንን ጠይቁ፤ አይዋሹም፣ እኔን እንኳ እንድዋሽ አልፈቀዱልኝም። ሐናን ጠይቁ። ዮናስን ጠይቁ፤ የጆሮ መሸፈኛውን እስኪያወልቅ ብቻ ታገሱት። ዘይነባን ጠይቁ፤ ቤቷ ቢጠፋችሁ ያንኳኳችሁት ሁሉ ያበላችኋል። እነዚህ ሁሉ ካላሳመኗችሁ ራሷን ጫልቱን ሞክሯት። ጧፍ እያሰረች ሳለ ግቡና ተነሺ በሏት። ኪስ ያለው ልብስ ለብሳችሁ ሂዱ እንጂ።